የእናቴ ሁለት ዓመት

ኅዳር 4

ለውድ አክስቴ፣ ለጥርስ ሠሪዋ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ዓይንሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከብርዱ በቀር የሚነካኝ የለም። እናቴን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታሳያት። ምክንያቱን ወረድ ስትዪ ታገኚዋለሽ።

ሥራዬ ያው ነው። ከመኪና ማቆሚያው ሕንፃ መውጫ ላይ፣ የመስታወት ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ካርድ እቀበላለሁ፣ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ብረቱ ይነሣል፣ ባለመኪናው አመሰግናለሁ ሳይል ይሄዳል። በመሀል በመሀል እጽፋለሁ። መኪናቸውን የት እንዳቆሙ ስለሚጠፋባቸው ሰዎች የጻፍኩትን ወግ ልኬልሽ ነበር አይደል? በአውቶቡስ መምጣቱን ረስቶ መኪናውን ግማሽ ቀን ሲፈልግ ስለዋለው ሰውዬ? ያ ወግ በአንድ መጽሔት ላይ ወጣልኝ። ያነበበ አንድ አዘጋጅ ደግሞ ጠራኝ። የአዳዲስ ጸሐፊዎችን መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ቁመቴን ያህላል።

«ታስቂያለሽ፤ እጅሽም ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን እዚህ ሁሉ ውስጥ አንቺ የት አለሽ?»

«መስታወቱ ውስጥ» አልኩት። አልሳቀም። የጀማሪ መጽሐፍ የሚሸጠው ጸሐፊዋ ራሷን ገልጣ ስታሳይ ነው አለኝ። ከዚያ ልክ እንደ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ጸሐፊ «ቁስል አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እናቴ በልጅነቴ ሁለት ዓመት ጠፍታ እንደነበር ነገርኩት። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ይህን ከጻፍኩለት ሌሎቹን ወጎቼን ከኋላው አስከትሎ መጽሐፍ ያደርግልኛል፤ ካልጻፍኩ የመኪና ማቆሚያ ወግ ብቻውን መጽሐፍ አይወጣውም።

አክስቴ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንቺ ዘንድ፣ ከጄሶው ጆንያ አጠገብ አነጠፍሽልኝ፤ እናትሽ ሥራ ሄዳለች አልሽኝ። ስትመለስ ፀጉሯ አጥሮ ነበር። ማንም ምንም አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የት ነበረች? አንቺ ታውቂያለሽ። ይህ መጽሐፍ ካልወጣልኝ ከዚህ መስታወት የምወጣ አይመስለኝም።

የምትወድሽ ጭራሮ

ኅዳር 28

ይድረስ ለጭራሮዬ፤

በሄድሽበት ሁሉ ቀኑ ይቅናሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ ክፉም አትዪ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ይህን ስጽፍ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ለማን ነው ስላት «ለሚበርደው» አለችኝ። ደብዳቤሽን ከጆንያው ጀርባ ተደብቄ ነው ያነበብኩት፣ በገዛ ሱቄ እንደ ሌባ።

ወግሽ በመጽሔት በመውጣቱ ደስ ብሎኛል። ለአንድ ደንበኛዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የድዱን ልክ ልወስድ አፉን በሊጥ ሞልቼው ነበር፤ ከአውቶቡሱ ጋ ስደርስ ሳቀና ልኩ ተበላሸ፣ እንደገና አቡክቼ እንደገና ሞላሁት። ሳቁን እሱ ሳቀ፤ ኪሳራው የእኔ ሆነ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰውዬው አዘጋጅ ነው ወይስ ቁስል አጣቢ? የእኔን ቤት ታውቂያለሽ፤ እዚህ ነው ያደግሽው። መደርደሪያው ላይ የተደረደረው መንጋጋ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። እዚህ ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሰባኪ ጥርሱን አውልቆ እንደ ሕፃን ሲኮላተፍ አይቻለሁ። የገባ ሁሉ ወደ መደርደሪያው እያየ «ይኼ የማነው?» ይለኛል። «የባለቤቱ» እላለሁ። የእናትሽም ነገር የባለቤቷ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ከአፍ የወጣ ግን አፋፍ ነው፣ ሮጠሽ አትመልሺውም።

ይልቅ ለሰም መቅረጫ የሚሆን ቀጭን ብሩሽ ካገኘሽ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ፀጉሩ እየረገፈ በሰው ጥርስ ላይ ጢም አብቅሎብኛል።

አክስትሽ

ጥር 9

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ብሩሾቹን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ሻጩ ለሥዕል ነው ወይ ሲለኝ «ለመንጋጋ» አልኩትና ቀና ብሎ አየኝ።

አዘጋጁ በየሳምንቱ እኛን ጀማሪዎቹን ይሰበስበናል። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ አንዱ ያነባል፣ ሌሎቻችን አንገታችንን እንነቀንቃለን። አንዲት ነርስ ስለ ፍቺዋ አነበበች። የባሏን ሚስጥር፣ የልጇን የአልጋ ሽንት ሳይቀር ዘረገፈችው። ሁሉም አጨበጨበላት፤ እሷ ግን ሽንት ቤት ገብታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ስለ እርግቦች የሚጽፍ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ሲጽፍ እርግቧ ክንዴ ላይ ያረፈች ይመስለኛል። አዘጋጁ ሰምቶ ሲጨርስ «አባትህ ይመታህ ነበር?» አለው። ልጁ ተደናግጦ «ኧረ አባቴ ጥሩ ሰው ነው» አለ። «ታዲያ እርግቦቹ ምንድን ናቸው?» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም።

ተራው የእኔ ነው። እስከ የካቲት መጨረሻ ካላመጣሁ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። አንቺ የባለቤቷ ነው ትያለሽ። እኔስ? ያን ሁለት ዓመት እኔም እኮ ኖሬዋለሁ። በር ሲንኳኳ ሮጬ የምከፍተው እኔ ነበርኩ፤ ጥርስ ሊያስለካ የመጣ ሽማግሌ ሆኖ ሲገኝ ተመልሼ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ድርሻ የለኝም ልትዪኝ ነው? አውቀሽ ዝም ማለትሽ ከእሷ መሄድ ባልተናነሰ አሞኛል፤ ይኼው ጻፍኩልሽ። ትንሽ ብቻ ንገሪኝ።

ጭራሮ

የካቲት 3

ይድረስ ለጭራሮዬ፤

ጤናና ዕድሜ አይለይሽ። እሺ፣ ተሸነፍኩ።

እናትሽ ከእኔ ጋር ተጣልታ ነው የወጣችው። በጭነት መኪና ተሳፍራ ወደብ ከተማ ደረሰች፤ እንደደረሰች ሻንጣዋን ሰረቋት። የምትበላው ስታጣ በየመጋዘኑ በር እየቆመች መዝፈን ጀመረች። ድምፅዋን የሰማ ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ያለቅስ ነበር አሉ። ጫኝና አውራጆቹ ዳቦ እየቆረሱ ይሰጧታል፤ «የወደቧ ወፍ» ብለው ስም አወጡላት። አንድ ክረምት ጉሮሮዋን ታመመችና ድምፅዋ ተዘጋ። ፀጉሯን ሸጣ መሳፈሪያ አገኘች። ቤቴ ስትደርስ እግሯ ላይ የነበረው የወንድ ጫማ ነው፤ የግራው ማሰሪያ ጠፍቶ በሽቦ የታሰረ።

ይኸው ነው። ጻፊው እንግዲህ። ብሩሾቹ ደርሰውኛል፤ ፀጉራቸው ጠንካራ ነው፣ እጅሽ ይባረክ።

አክስትሽ

ሚያዝያ 2

ለውድ አክስቴ፤

ይህን ያህል ዝም ስላልኩሽ ይቅር በዪኝ። ጤናሽን ሳልጠይቅ መክረሜ ስለጠላሁሽ ሳይሆን ስጽፍ ስለከረምኩ ነው። ደብዳቤሽን መስታወቱ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፣ አለቀስኩ፣ አንድ ባለመኪና «ካርዱ ተበላሽቶ ነው?» አለኝ።

ጨርሼዋለሁ። ርእሱ «የወደቧ ወፍ» ነው፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። አዘጋጁ ክቡ መሀል ቆሞ አነበበው። ሽቦው ጋ ሲደርስ አቆመ፣ መነጽሩን አወለቀ። «የግራው ማሰሪያ በሽቦ» አለ፣ እንደገናም አለው። የመጽሐፉ መክፈቻ እሱ ይሆናል፤ ሽፋኑ ላይ ጫማ ያስላል። ነርሷ አቀፈችኝ። ውሉን በሚመጣው ወር ልፈርም ነው። የመኪና ማቆሚያ ወጎቼም ከኋላው ይገባሉ፣ ሁሉም ባይሆኑ ጥቂቶቹ።

ለእናቴ መጽሐፉ ሲወጣ እኔው እነግራታለሁ፤ እንዴት እንደምነግራት ግን ገና አላሰብኩበትም። ለአንቺ ብቻ የምነግርሽ ደግሞ አለ። ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እናቴን ባስራብኳት ቁጥር ዐረፍተ ነገሩ እያማረልኝ ሄደ። ያ ደስታ ትንሽ አስፈራኝ።

የምትወድሽ ጭራሮ

ሚያዝያ 21

ጭራሮ፣ እናትሽ እኮ መዝፈን አትችልም።

ሰላምታውን ሌላ ቀን እከፍልሻለሁ። እናትሽ ስታንጎራጉር የጎረቤት ድመት ከግቢ ይወጣል። ሕፃን ሆነሽ እሹሩሩ ልትልሽ ስትጀምር በሁለት እጅሽ አፏን ትይዢው ነበር። ልደት ላይ ሁላችንም ስንዘፍን እሷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች፤ ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ሲሳቅበት ኖሯል። ያን ደብዳቤ ልኬ የከረምኩት «አክስቴ አንቺ ቀጣፊ» የሚል መልስ ስጠብቅ ነው። ስትቆዪብኝ ተቀየመች አልኩ። ለካ ቁጭ ብለሽ ታለቅሺልኛለሽ።

ሁሉም ውሸት ነው። ወደቡም፣ ጫኝና አውራጆቹም፣ ጫማውም። ጥርስ ስሠራ ሁሉን ቀጥ አድርጌ አልደረድርም፤ ቀጥ ያለ ጥርስ ሰው ሠራሽ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። አንዱን ጠመም አደርገዋለሁ፣ ያኔ ሰው የራሱ ነው ብሎ ያምናል። ሽቦው ያ ጠማማ ጥርስ ነው። ሰውዬሽ መነጽሩን ያወለቀው ለእጅ ሥራዬ ነው። በእሱስ አልፈርድም፣ እናትሽን አያውቃትም። አንቺን ግን ምን ቢያደርጉሽ ነው የእናትሽን ድምፅ የረሳሽው?

ለምን እውነቱን አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። አላውቀውማ። አላውቀውም፣ ጭራሮ። አንድ ቀን መጣች፣ በሩን ከፈትኩላት፣ «ምሳ በልተሻል?» አልኳት። «አልበላሁም» አለች። አቀረብኩላት፣ በላች፣ ከዚያ አንቺን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጣች። ልትነግረኝ ብትፈልግ ጆሮዬ እዚሁ ነበር። አንቺ «ታውቂያለሽ» እያልሽ ስታጣድፊኝ፣ እኅቷ ሆኜ አላውቅም ማለት አሳፈረኝና በቀልድ ላልፈው ሞከርኩ። ቀልዱ አላማረልኝም።

የከፋውን ልንገርሽ። ወረቀትሽን ሳነብ ፊቴ ሳያስታውቅብኝ አልቀረም፤ እናትሽ «የማነው?» ብላ እጇን ዘረጋች። ለእሷ መዋሸት አልችልበትም፣ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ዘፋኝ አደረጋችሁኝ?» አለችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈችው። «ልጄ ይህን ያህል ርቧት ኖሯል?» አለች። ሹራቧን ሰብስባ ወጣች። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ አልመጣችም። በሯን ባንኳኳ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የምትለኝ። ሰውዬው ያንን ነገር ካወጣው፣ ወንበሯ ባዶውን እንዳይቀር ፈርቻለሁ።

አክስትሽ

ግንቦት 19

ለአክስቴ፤

ተናድጄብሻለሁ። መናደዴን ሳልደብቅ ደግሞ ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ውሉን ልፈርም በሄድኩበት ሳምንት ነው። ለአዘጋጁ ቀጥ ብዬ «ውሸት ነው፣ አክስቴ ፈጥራው ነው» አልኩት። ይናደዳል ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበና «ስሜቱ እውነት እስከሆነ ድረስ ዝርዝሩ አያስጨንቅሽ» አለኝ። እናቴ መዝፈን አትችልም አልኩት። «አንባቢ አይሰማትም» አለ። እንቢ ስለው ደግሞ ዓይኑ በራ። «ቤተሰብሽ እንዴት እንደዋሸሽ ጻፊው። አክስትሽ ራሷ ትልቅ ታሪክ ናት። ጥርስ የምትሠራ ውሸታም!» አንቺን ከሱቅሽ፣ ከመደርደሪያሽ አንሥቶ መጽሐፉ ውስጥ ሊያስቀምጥሽ ሆነ። በአንቺ ላይ የነበረኝ ንዴት ግማሹ እዚያው ወደ እሱ ዞረ። እሱንም እንቢ ስለው «እንግዲያው አለማወቅሽን ጻፊው፣ አለማወቅ ያምራል» አለኝ። ሰውዬው የሚጥለው ነገር የለውም፤ እንቢታዬን ራሱን ሊያሳትመው ነው።

ሳልፈርም ተመለስኩ። በሳምንቱ እናቴ ደወለችልኝ። ስልክ እንደማትወድ ታውቂያለሽ። መኪና ተሰልፎ ነበር፤ ድምፅዋን ስሰማ ቁልፉን ተጭኜ ብረቱን ከፍቼ ተውኩትና ያ ሁሉ ሰው በነፃ ወጣ። አለቃዬ እስካሁን ያኮርፈኛል።

ነገረችኝ። የት እንደነበረች፣ ለምን እንደሄደች፣ ለምን እንደተመለሰች። ስትጨርስ «ጻፊው» አለችኝ። «የዘፋኟን ተይውና ይህን ጻፊ። እኔ ከዚህ ወዲህ ምን እሆናለሁ? አንቺ ብቻ መጽሐፍሽ ይውጣልሽ፣ ከዚያች ጠባብ ክፍል ውጪ።» አክስቴ፣ ይህን ስትለኝ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ለልጇ ስትል የመጨረሻ ጌጧን አውልቃ የምታቀብል ሴት ድምፅ ነበር። ያን ያህል እንደምትወደኝ አላውቅም ነበር። ያን ያህል የተራብኩ መስዬ መታየቴም አሳፈረኝ።

ወደ አዘጋጁ ተመልሼ ሄድኩ። ክቡ ተሰብስቦ ነበር።

«አሁን አውቄዋለሁ» አልኩት። «እውነት ነው፣ ከወደቡ ይበልጣል፣ እናቴም ፈቅዳልኛለች።»

ብዕሩን አነሣ።

«አልሰጥህም» አልኩት።

«ፈቅዳልሽ?»

«ፈቅዳልኝ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«መኪና ማቆሚያዎቼን ልወስድ።»

ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ወረቀት ውስጥ የእኔን መፈለግ ጀመርኩ፤ ማንም አልረዳኝም፤ ነርሷ ተነሥታ አብራኝ እስክትፈልግ ድረስ። አዘጋጁ ዕድሌን በእጄ እየገፋሁ መሆኑን ነገረኝ። ሊሆን ይችላል። እኔም አንድ ቀን ስለ ራሴ እጽፍ ይሆናል፤ የሚያስለቅስም ይሆን ይሆናል። ቀኑን የምቆርጠው ግን እኔ ነኝ። የእናቴ ሁለት ዓመት የእናቴ ነው፤ የእኔ መግቢያ ካርድ አይደለም። ካርድ እንኳ እኔ አውቅበታለሁ፣ ሥራዬ ነው።

ስለ እርግቦች የሚጽፈውን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። ከነርሷ ጋር ሆነን እሁድ እሁድ እሱ በሚሠራበት የጎማ ጥገና ሱቅ ውስጥ እናነባለን። የት ነው ያመመህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጽሐፍ የለኝም፣ አሁንም መስታወቱ ውስጥ ነኝ፣ ዓይኔ ግን አያፍርም።

እናቴ የነገረችኝን ለአንቺም አልጽፍልሽም። ይህ ቂም አይደለም።

ጭራሮሽ

ሰኔ 15

ይድረስ ለጭራሮዬ፣ ለእንቢተኛዋ፤

ያደርሽበት ይመርልሽ፣ የጀመርሽው ይሙላልሽ። የዘለልኩትን ሰላምታ ከነወለዱ ተቀበዪ።

ደብዳቤሽን ይዤ እናትሽ ቤት ሄድኩ። ከደጅ ቆሜ «አልጻፈችውም» አልኳት። በሩን ከፈተችው።

«ፈቅጄላት?»

«ፈቅደሽላት። ሰውዬው ፊት ቆማ አልሰጥህም አለችው።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ መጣ፣ ሄደ። «በማን ወጥታ ነው?» አለችኝ። በማን እንደወጣሽማ ሁለታችንም እናውቃለን። በማግስቱ ሹራቧን ይዛ ሱቅ መጣችና ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ እኔም እንደወትሮዬ ሰም ማቅለጥ ጀመርኩ። ትንሽ እንደቆየች «በሩን ዝጊው» አለችኝ። እኔ በቀን ሱቅ ዘግቼ አላውቅም፣ ስታመምም አልዘጋሁም። እሳቱን አጥፍቼ ዘጋሁት።

ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቧ ተቀምጬ ያልጠየቅኳትን፣ ከላይ እስከ ታች ነገረችኝ። አንድ ደንበኛ ጥርሱን ሊወስድ መጥቶ በሩን ይደበድብ ነበር፤ እየተኮላተፈ ሰደበን፣ አልከፈትንለትም። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም። እጇን ያዝኳት። ከልጅነታችን ወዲህ እጇን ይዤ አላውቅም፤ ከእኔ እጅ ይልቅ ይሞቃል።

ምን እንዳለችኝ አልጽፍልሽም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሌላውን ሰው አይመለከተውም።

አክስትሽ